በወጡበት ማርሽ መውረድ
(ስለ ማኑዋልና ስለ አውቶማቲክ መኪና)

ዛሬ ስለ መኪና ማርሽ እናነባለን። «እኛ ገበሬዎች ነን፤ የመኪና ትምህርት ምን ይጠቅመናል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ድንቻችን፣ ገብሳችንና ስንዴያችን ወደ ሩቅ ገበያ የሚሄደው በመኪና ነው። ማዳበሪያው በመኪና ይመጣል። ምጥ የጸናባት እናት በመኪና ወደ ሐኪም ቤት ትወሰዳለች። ከልጆቻችን ባጃጅ የሚነዱ አሉ፤ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሚማሩም አሉ። ገንዘብ አዋጥተው መኪና ለመግዛት የሚመካከሩ ቤተሰቦችም አሉ።

መኪና ያልገዛ ሰው እንኳ ይሳፈራል። የተሳፈረ ሰው ደግሞ ነፍሱን ለሹፌሩና ለማርሹ አደራ ሰጥቷል። ስለዚህ ይህን ነገር ማወቅ ለሁላችንም ይጠቅማል።

፩. የአንድ ቤተሰብ ምክክር

በምሳሌ እንጀምር። በደጋ ዳሞት፣ ፈረስ ቤት አጠገብ የሚኖር አንድ ቤተሰብ አለ እንበል። አባት፣ የአባት ታናሽ ወንድምና የበኩር ልጅ ገንዘብ አዋጥተው መኪና ሊገዙ አስበዋል። ሐሳባቸው ድንችና ገብስ ጭነው ከፈረስ ቤት ወደ ፍኖተ ሰላም መመላለስ፣ አልፎ አልፎም ቡሬ መድረስ ነው። ልጁ ባሕር ዳር ሠርቶ የተመለሰ ነው። አጎቱ በወጣትነቱ በጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሠርቷል። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው ይነጋገራሉ።

«አባየ፣ አውቶማቲክ እንግዛ» ይላል ልጁ። «ማርሽ መለዋወጥ የለ፤ ፍሪሲዮን መርገጥ የለ። ነዳጅ ሰጥቶ መሄድ ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ ያሉት የቤት መኪኖች ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው።»

«እኔ እጄ ያልገባበትን ማርሽ አላምንም» ይላል አጎቱ። «ዳገቱን አይቼ ማርሹን ራሴ ካልመረጥሁ ምኑን ነዳሁት?»

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ የድሮ ነገር ነው።»

«የድሮ ነው ያልኸው ዳገት ዛሬም እዚያው ቆሟል፣ ልጄ።»

አባት ዝም ብለው ሲሰሙ ይቆዩና «ሁለታችሁም የምትወዱትን ነገራችሁኝ እንጂ ነገሩን አላስረዳችሁኝም። ለመሆኑ ማርሽ የምትሉት ሥራው ምንድን ነው? መጀመሪያ እሱን ንገሩኝ» ይላሉ።

የአባት ጥያቄ ትክክል ነው። እኛም ከዚያው እንነሳ።

፪. ማርሽ ምን ይሠራል?

አንድ ሰው 50 ኪሎ ድንች ተሸክሞ ቀጥ ያለ ዳገት ሲወጣ እንዴት ይራመዳል? አጫጭር እርምጃ ይራመዳል። እርምጃው ብዙ ነው፤ መንገዱ ግን ቶሎ አያልቅም። ያ ሰው ሜዳ ላይ ባዶ እጁን ሲሄድ ደግሞ ረጃጅም እርምጃ ይወረውራል። ዳገት ላይ እንደ ሜዳው ልራመድ ቢል ጉልበቱ ይከዳዋል።

የመኪና ሞተርም እንደዚሁ ነው። ሞተር ጉልበት የሚኖረው ፈጥኖ ሲዞር ነው። ብዙ የቤንዚን ሞተሮች መኪናው ቆሞ ሳለ በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ጊዜ ያህል ይዞራሉ። ከዚያ በጣም ዝቅ ካለ ሞተሩ ይንቀጠቀጥና ይጠፋል። ጎማው ግን አንዳንዴ ቀስ ብሎ፣ አንዳንዴ ፈጥኖ መዞር አለበት። ስለዚህ በሞተሩና በጎማው መካከል አስታራቂ ያስፈልጋል። አስታራቂው ካምቢዮ ይባላል። ካምቢዮ ትንንሽና ትልልቅ ጥርስ ያላቸው መዘውሮች የተቀመጡበት ሣጥን ነው።

በብዙ ትንንሽ መኪኖች አንደኛ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ሦስት ተኩል ጊዜ ያህል ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ጉልበቱ ግን በዚያው ልክ ይበዛል። ይኼ የዳገቱ አጭር እርምጃ ነው። አራተኛ ወይም አምስተኛ ማርሽ ሲገባ ሞተሩና ዘንጉ እኩል ለእኩል ወደ መዞር ይቀርባሉ። ይኼ ደግሞ የሜዳው ረጅም እርምጃ ነው።

ሹፌሮች አንደኛና ሁለተኛን «ከባድ ማርሽ» ይሏቸዋል። አራተኛና አምስተኛን «ቀላል ማርሽ» ይሏቸዋል። ከባድ ማርሽ ለጉልበት፣ ቀላል ማርሽ ለፍጥነት ነው።

ለደጋ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ይሳሳል። ሞተር ደግሞ ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ነው። ተጨማሪ አየር የሚነፋ መሣሪያ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ሩብ ያህሉ ጉልበት ሄደ ማለት ነው። ቆላ ላይ በሦስተኛ ማርሽ የወጣ መኪና ደጋ ላይ ሁለተኛ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

፫. ማኑዋል እንዴት ይሠራል?

ማኑዋል ማለት ሹፌሩ በእጁ ማርሽ የሚለውጥበት መኪና ነው። ከእግሩ ሥር ሦስት ፔዳሎች አሉ። በቀኝ ነዳጅ መስጫ፣ በመካከል ፍሬን፣ በግራ ፍሪሲዮን ናቸው።

ፍሪሲዮን ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኝና የሚለያይ ነው። ሁለት ሳሕኖች ተጣብቀው አብረው ሲዞሩ አስቡ። ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ሳሕኖቹ ይላቀቃሉ። ያን ጊዜ ማርሽ ይለውጣል። ፔዳሉን ቀስ ብሎ ሲለቅ ሳሕኖቹ እንደገና ይያያዛሉ።

ባጃጅ የነዳ ሰው ይህን አስቀድሞ ያውቀዋል። በግራ እጁ የፍሪሲዮኑን ማንሻ ይጨብጥና እጀታውን ጠምዝዞ ማርሽ ያስገባል። በሞተር ብስክሌት ደግሞ ፍሪሲዮኑ በግራ እጅ፣ ማርሹ በግራ እግር ነው። መልኩ ይለያይ እንጂ ሥራው አንድ ነው።

የማኑዋል ችግሩ ለመልመድ ጊዜ መፈለጉ ነው። ጀማሪ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ይለቅና ሞተሩ ይጠፋበታል። ዳገት ላይ ቆሞ ሲነሳ መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተትበታል። መድኃኒቱ የእጅ ፍሬን ነው። በእጅ ፍሬን ይዞ፣ ነዳጅ ሰጥቶ፣ ፍሪሲዮኑ መያዝ ሲጀምር የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ ነው። እግሩን ሁልጊዜ ፍሪሲዮን ላይ ጭኖ የሚሄድ ሹፌርም አለ። እንደዚህ ያለው ሰው የፍሪሲዮን ሸራ ይጨርሳል። የተቃጠለ ሽታ ሲመጣ ሸራው እያለቀ መሆኑን ይወቅ።

፬. አውቶማቲክ እንዴት ይሠራል?

አውቶማቲክ ማለት ማርሹን ራሱ የሚለውጥ መኪና ነው። የፍሪሲዮን ፔዳል የለውም። ፔዳሎቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ነዳጅ መስጫና ፍሬን። ሁለቱም የሚረገጡት በቀኝ እግር ነው። ግራ እግር ያርፋል።

ታዲያ ሞተሩና ካምቢዮው በምን ይገናኛሉ? በብዙዎቹ ውስጥ በዘይት ነው። ዘይት በተሞላ ዕቃ ውስጥ ክንፍ ያላቸው ሁለት መንኮራኩሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንዱን ሞተሩ ያዞረዋል። እሱ ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱም ሁለተኛውን ያዞራል። ውኃ የወፍጮን መዘውር እንደሚያዞር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ማርሾች መኪናው ፍጥነቱንና ዳገቱን እየለካ ራሱ ይለዋውጣል።

በአውቶማቲክ መኪና ማንሻ አጠገብ የእንግሊዝኛ ፊደሎች ተጽፈዋል። ፊደሎቹን እናውቃቸው። «ፒ» ለማቆሚያ ነው። «አር» ወደ ኋላ ለመሄድ ነው። «ኤን» ዜሮ ማርሽ ነው። «ዲ» ወደ ፊት ለመሄድ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ከ«ዲ» በታች «ኤል» ወይም የ2 ቁጥር አለ። እነዚህ ከባድ ማርሽ ናቸው። ብዙ ሰዎች «ዲ»ን ብቻ ያውቁና ሌሎቹን ይረሷቸዋል። መርሳታቸው የሚያመጣውን ጉዳት በኋላ እናያለን።

አውቶማቲክ አዲስ ነገር የሚመስለው አለ፤ ግን አይደለም። ወደ አገራችን መኪና የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ማርሽ የሚለውጠው ባብዛኛው ሹፌሩ ራሱ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ለገበያ ያቀረበው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በአሜሪካ የሚሸጡት አዳዲስ መኪኖች እጅግ አብዛኞቹ አውቶማቲክ ናቸው። በአገራችን ግን አይሱዙዎቹና ትልልቆቹ የጭነት መኪኖች አብዛኞቹ ዛሬም ማኑዋል ናቸው።

፭. ፈረስና በቅሎ

የሁለቱን ልዩነት የጎጃም ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ፈረስና በቅሎ ያውቃላና።

አውቶማቲክ እንደ ሰጋር በቅሎ ነው። ሰጋር በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው አይንገላታም። እግሯን የት እንደምታሳርፍ ራሷ ታውቃለች። ረጅም መንገድ ለሚሄድ፣ ዕድሜው ለገፋ፣ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው እሷን የመሰለ የለም። በከተማ ውስጥም እንደዚያው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና በመኪና ላይ ሲተራመስ፣ በአንድ ሰዓት ብዙ ጊዜ መቆምና መነሳት አለ። ማኑዋል የያዘ ሰው ግራ እግሩ እስኪዝል ፍሪሲዮን ይረግጣል። አውቶማቲክ የያዘ ሰው ግን ዐይኑን መንገዱ ላይ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ይሄዳል። ይኼ ቅንጦት ብቻ አይደለም፤ ደኅንነትም ነው።

ማኑዋል ደግሞ እንደ ፈረስ ነው። ልጓሙ በጋላቢው እጅ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያየ ሰው፣ ፈረሰኛው ፈረሱን በልጓም ሲያነጋግረው አይቷል። መንዳት የሚወድ ሰውም ማኑዋልን የሚወደው በዚህ ነው። ሞተሩ ሲያጓራ ይሰማል፤ ዳገቱ ሳይደርስ ማርሹን ይቀንሳል፤ ኩርባው ሲያልቅ ይጨምራል። መኪናው የሚያደርገውን ሁሉ እሱ አዝዞታል። ደስታው እዚያ ላይ ነው። አጎትየው «ምኑን ነዳሁት?» ያለው ይህን ነው።

ይሁን እንጂ በእጅ መለወጥ ለፍጥነት ይበልጣል ማለት አይደለም። በዓለም ላይ በጣም ፈጣን በሆኑት የፎርሙላ ዋን የእሽቅድምድም መኪኖች እንኳ ነገሩ ተለውጧል። በ1981 ዓ.ም. ፌራሪ መሪው ላይ ባለች ትንሽ ማንሻ ማርሽ የሚለወጥበት መኪና አቀረበ። ውሎ አድሮ ሌሎቹም ተከተሉት። ስለዚህ «አውቶማቲክ የሰነፍ ነው» ማለት ትክክል አይደለም። «ማኑዋል የኋላ ቀር ነው» ማለትም ትክክል አይደለም። በቅሎ ፈረስን አትሰድበውም፤ እያንዳንዱ ለሥራው ነው።

፮. ቁልቁለት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ዳገት መኪናን ያደክማል፤ ሰው የሚገድለው ግን ቁልቁለት ነው።

ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሁሉ ዓባይ በረሃን ያውቀዋል። ከደጀን ተነስቶ ወንዙ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከድልድዩ ወዲያ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ጎሃ ጽዮን ይወጣል። ከጫፍ እስከ ጫፍ መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በየኩርባው ገደል አለ።

እዚህ መንገድ ላይ ፍሬን ብቻ ተማምኖ የሚወርድ ሹፌር ምን ይገጥመዋል? ፍሬን የሚሠራው በመፋተግ ነው። መፋተግ ሙቀት ያመጣል። ሁለት መዳፎቻችንን አጥብቀን ብናሻሽ ይሞቃሉ፤ ብዙ ኩንታል የጫነ መኪና ፍሬን ምን ያህል እንደሚሞቅ አስቡት። በጣም የሞቀ ፍሬን መያዝ ይተዋል። ዘይቱም ይፈላና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል። ሰው «ፍሬን በጠሰ» የሚለው አንዳንዴ ይህንን ነው። ፍሬኑ አልተበጠሰም፤ ተቃጥሎ ነው።

መድኃኒቱ ከባድ ማርሽ ነው። ከባድ ማርሽ ሲገባና እግር ከነዳጅ መስጫ ላይ ሲነሳ፣ ጎማው ሞተሩን ለማዞር ይገደዳል። ሞተሩም እምቢ እያለ መኪናውን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ይኼ የማይቃጠል ፍሬን ነው። የዱሮ ሹፌሮች ደንብ አጭር ናት፤ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ።» ያንን ዳገት ለመውጣት ሁለተኛ ማርሽ የሚያስፈልግ ከሆነ ለመውረድም ሁለተኛ ይግባ። መግባት ያለበትም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። መኪናው ከሮጠ በኋላ ከባድ ማርሽ አስገባለሁ ማለት ያስቸግራል።

አንዳንድ ሹፌሮች ግን ነዳጅ እንቆጥባለን ብለው በዜሮ ማርሽ ይወርዳሉ። ሞተሩን አጥፍቶ የሚወርድም አለ። እነዚህ ሰዎች «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች» እንደተባለው ናቸው። በዜሮ ማርሽ ሞተሩና ጎማው ተለያይተዋል፤ መኪናውን የሚይዝ ምንም የለም። ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም የሚያግዘውን ኃይል ያጣል። የነዳጁ ቁጠባም ቢሆን ከንቱ ነው። በአዳዲስ ሞተሮች፣ ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ መስጫ ሲነሳ ነዳጁ ራሱ ይቋረጣል። በዜሮ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል።

ልጁ የወደደው አውቶማቲክስ? እሱም ከባድ ማርሽ አለው። ነገር ግን «ዲ» ላይ ብቻ ከተተወ ብዙ ጊዜ ቀላል ማርሽ ይመርጣል፤ መኪናውም ይሮጣል። ስለዚህ ሹፌሩ ከቁልቁለቱ በፊት ማንሻውን ወደ 2 ወይም ወደ «ኤል» ማውረድ አለበት። ከ«ዲ» በታች ያሉት ፊደሎችና ቁጥሮች የተጻፉት ለዚህ ነው። አውቶማቲክ ዳገቱን ያውቃል፤ ከፊት ያለውን ገደል ግን አያይም። እሱን የሚያየው ሹፌሩ ነው።

ተሳፋሪም ድርሻ አለው። መኪናው ቁልቁለት ላይ ድምፁን አጥፍቶ ሲንደረደር ከተሰማችሁ፣ ወይም የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ከመጣ፣ ዝም አትበሉ። «ወንድሜ፣ ከባድ ማርሽ አስገባ፤ ቆመህም ፍሬኑን አቀዝቅዝ» በሉት። ሹፌሩ ቢቆጣም ይቆጣ።

፯. ከመግዛት በፊት አራት ጥያቄዎች

አንደኛ፣ መንገዱና ጭነቱ ምንድን ነው? በአስፋልት ላይ፣ በከተማ ውስጥ ለሚመላለስ አውቶማቲክ ይመቻል። በኮረኮንች፣ በጭቃና በዳገት ላይ ጭነት ለሚያመላልስ ግን ማኑዋል ብዙ ጊዜ ይሻላል። አውቶማቲክ ከልኩ በላይ ተጭኖ ዳገት ሲንፏቀቅ ዘይቱ ይግላል። የጋለ ዘይት ካምቢዮውን ይጎዳል።

ሁለተኛ፣ ሲበላሽ ማን ይሠራዋል? የማኑዋል ፍሪሲዮን ሸራ ማለቁ የማይቀር ነው፤ ነገር ግን የሚቀይር መካኒክ በብዙ ከተሞች ይገኛል። የአውቶማቲክ ካምቢዮ በደንብ ከተያዘ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ከተበላሸ ግን ልዩ መካኒክና ውድ መለዋወጫ ይፈልጋል። ባትሪ ሲሞትም ልዩነት አለ። ማኑዋልን ገፍቶ ማስነሳት ይቻላል፤ አውቶማቲክ በመግፋት አይነሳም። አውቶማቲክ በመንገድ ላይ ቢቆም፣ ሞተሩ የሚያዞራቸው ጎማዎች መሬት ነክተው ሩቅ መንገድ መጎተት የለበትም። ሞተሩ ስለማይሠራ ዘይቱ አይዞርም፤ ካምቢዮውም ይጎዳል።

ሦስተኛ፣ የሚነዳው ማነው? ማኑዋል የተማረ ሰው አውቶማቲክን በጥቂት ጊዜ ይለምደዋል። አውቶማቲክ ብቻ የተማረ ሰው ግን ማኑዋል ላይ ቢቀመጥ ግራ ይገባዋል። በሹፌርነት እንጀራውን ሊበላ የሚፈልግ ወጣት አይሱዙና ሌላ የጭነት መኪና ስለሚገጥመው ማኑዋል ይማር። ለራሱ ጉዳይ ብቻ የሚነዳ ወይም ግራ እግሩን የሚያመው ሰው አውቶማቲክ ቢመርጥ አያሳፍርም። ስለ ነዳጅም እንናገር። የድሮ አውቶማቲኮች ነዳጅ ያበዙ ነበር። ዛሬ በሚሠሩት ላይ ልዩነቱ እጅግ ጠብቧል፤ አንዳንዶቹም ከማኑዋል የተሻለ ይቆጥባሉ።

አራተኛ፣ ያገለገለ ከሆነ ጤናው እንዴት ነው? በደላላ አፍ ብቻ አትመኑ፤ የምታምኑትን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። ማኑዋል ከሆነ ሜዳ ላይ፣ ከፊቱ ሰው በሌለበት አቁሙት። የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ሦስተኛ ማርሽ ይግባ፤ ፍሪሲዮኑ ቀስ ተብሎ ይለቀቅ። ሞተሩ ቢጠፋ ፍሪሲዮኑ ደኅና ነው። መዞሩን ከቀጠለ ሸራው አልቋል። አውቶማቲክ ከሆነ ፍሬን ተረግጦ ከ«ኤን» ወደ «ዲ» ይግባ። ብዙ ቆይቶ ወይም ገጭ ብሎ ከያዘ ችግር አለ። የካምቢዮውን ዘይትም እዩት። አዲስ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ቀላ ያለና ጥርት ያለ ነው። የጠቆረና የተቃጠለ የሚሸት ከሆነ ያንን መኪና ተዉት።

፰. ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ጥቂት

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና ስም ከበፊቱ ይልቅ ይሰማል። እነዚህ መኪኖች ፍሪሲዮን የላቸውም። አብዛኞቹ አንድ ማርሽ ብቻ አላቸው። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ሲነሳ ጀምሮ ሙሉ ጉልበት ስላለው አጭርና ረጅም እርምጃ መለዋወጥ አያስፈልገውም።

ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ ኃይል አመንጪ ይሆናል። መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ባትሪው አስቀድሞ ሙሉ ከሆነ ግን የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። የደጋ ሰው እቤቱ ባትሪ ሞልቶ ወዲያው ቁልቁለት ቢጀምር ይህን ማወቅ አለበት። መኪናው ቢለወጥም ቁልቁለቱ አልተለወጠም።

፱. የቤተሰቡ ውሳኔ

ወደዚያ ቤተሰብ እንመለስ። አባት የሁለቱንም ካዳመጡ በኋላ እንዲህ ይላሉ።

«እንግዲህ ገባኝ። የእኛ ሥራ ድንች ነው። መንገዱም ዳገትና ቁልቁለት ነው። ቢሰበር የሚያየው የቅርብ መካኒክ ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ማኑዋል እንገዛለን። አንተ ልጄ፣ ማኑዋሉን ተማር፤ ነገ ከተማ ገብተህ አውቶማቲክ ብትነዳ ማን ይከለክልሃል? ወንድሜ፣ አንተም አውቶማቲክን አትናቅ። ጉልበትህን ሲያምህ ትመርጠው ይሆናል።»

«እሽ፣ አባየ» ይላል ልጁ። «ግን ነድቼ ፍኖተ ሰላም ስወርድ ጋሼ አጠገቤ ይቀመጡ።»

አጎቱ ሣቅ ይላል። «እቀመጣለሁ። ግን አፌን አልዘጋም። ቁልቁለቱ ሳይጀምር "ማርሽ!" እልሃለሁ።»

አባትም «በሉት እንጂ! ድንቹ ቢዘገይ ይዘግይ። እናንተ ድረሱ» ይላሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

፩. ሸክም የያዘ ሰው ዳገት ላይ አጭር እርምጃ መራመዱ ከማርሽ ሥራ ጋር በምን ይመሳሰላል?
፪. በዜሮ ማርሽ ቁልቁለት መውረድ ለምን አደገኛ ነው? ነዳጅስ ይቆጥባል?
፫. አውቶማቲክ መኪና የሚነዳ ሰው ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ምን ማድረግ አለበት?
፬. በአካባቢያችሁ ያለውን መንገድ አስቡ። ለዚያ መንገድ የትኛውን መኪና ትመርጣላችሁ? ምክንያታችሁን ጻፉ።
፭. ተሳፍራችሁ ሳለ የፍሬን ሽታ ቢመጣ ለሹፌሩ ምን ትሉታላችሁ?

የቃላት ፍች

ካምቢዮ — የማርሽ ሣጥን። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው።
ፍሪሲዮን — ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኝና የሚለያይ ክፍል። ይህም ከጣልያንኛ የመጣ ነው።
ከባድ ማርሽ — አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ፤ ለጉልበትና ለቁልቁለት የሚሆን።
ቀላል ማርሽ — ሜዳ ላይ ፈጥኖ ለመሄድ የሚሆን ማርሽ።
ዜሮ ማርሽ — ሞተሩና ጎማው የተለያዩበት ሁኔታ።
ሰጋር — ተሳፋሪውን ሳያንገላታ በለስላሳ ርምጃ የሚሄድ በቅሎ ወይም ፈረስ።